የሰው ዘፈን በሄሎዊን ጊታር

እሷ፦ ሄሎዊን እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣውን «ሜታል ጁክቦክስ» ሰሞኑን ደግሜ ሰማሁት። ዛሬም ቅር ነው ያለኝ።

እሱ፦ ያደጉበትን ሙዚቃ ቢጫወቱ ምን ይከፋል?

እሷ፦ መጫወቱስ ባልከፋ። ግን አልበሙ ከዳር እስከ ዳር የሰው ዘፈን ነው! ስኮርፒዮንስ፣ ጄትሮ ታል፣ ክሪም፣ ቢትልስ... ሄሎዊን እኮ በ1987 እና በ1988 በሁለቱ «ኪፐር ኦፍ ዘ ሰቨን ኪይስ» አልበሞች ለፓወር ሜታል መሠረት ከጣሉት ግንባር ቀደሙ የሃምቡርግ ባንድ ነው።

እሱ፦ የአባን «ሌይ ኦል ዩር ላቭ ኦን ሚ»ስ? ዜማው እዚያው አለ፤ ከሥሩ ግን ጊታሩና ከበሮው ይጋልባል። የድምፃዊያቸው የአንዲ ዴሪስ ሻካራ ድምፅም ልመናውን ያከርረዋል።

እሷ፦ እሱን አልክድም፣ የራሳቸው አድርገውታል። የዴቪድ ቦዊን «ስፔስ ኦዲቲ» ግን ተመልከት። የዘፈኑ ነፍስ የጠፈርተኛው ብቸኝነት ነው። የ1969ኙን ቅጂ አስከትዬ ስሰማው፣ እነሱ ምን እንደጨመሩበት ጠፋኝ።

እሱ፦ እዚህ ላይ እስማማለሁ። ቢሆንም በዓመቱ «ዘ ዳርክ ራይድ»ን ይዘው መጡ፤ ጨለም ያለ፣ የራሳቸው ድርሰት።

እሷ፦ የሚቆጨኝም ለዚሁ ነው! ድርሰቱ አልነጠፈባቸውም። ከ«ሜታል ጁክቦክስ» ሦስት አራቱን መርጠው በአጭር ሲዲ ቢያወጡልን በቂ ነበር።