ከተጫዋችነት ወደ ዳኝነት
(በጅቡቲ ከተማ ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



በጅቡቲ ከተማ ፀሐይ ስታዘቀዝቅና ወበቁ ጥቂት ጋብ ሲል፥ ልጆች ኳስ ይዘው ወደ ሜዳ ይወጣሉ። አማርኛ፥ ሶማሊኛ፥ አፋርኛ፥ ዐረብኛና ፈረንሳይኛ ባንድ ሜዳ ይሰማል። ጠብ የተነሣ እንደ ሆነ ግን ከነዚህ ቋንቋዎች አንዱም አይበቃም፤ ለሁሉም የሚገባው የዳኛው ፊሽካ ነው። ታዲያ ፊሽካውን ማን ይያዝ? በየትምህርት ቤቱ እንደ ተለመደው፥ የጨዋታውን ሕግ ቢያውቅም ባያውቅም፥ በዕድሜ የበለጠው አስተማሪ ይይዘዋል። ልጆቹም ይታዘዙታል፤ የሚታዘዙት ግን ለአስተማሪነቱ እንጂ ለዳኝነቱ አይደለም።

ለዚህ ጥያቄ የራግቢ ጨዋታ ጥሩ ምሳሌ ይሰጣል። ራግቢ በኛ አገር እምብዛም አይታወቅም፤ 15 ሰዎች ከ15 ሰዎች ጋር ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው የሚታገሉበት ብርቱ ጨዋታ ነው። የኒውዚላንዱ ተወላጅ ግሌን ጃክሰን ለእንግሊዙ ሳራሰንስ ክለብ በደመወዝ ሲጫወት ቆይቶ፥ እ.ኤ.አ. በ2010 መጫወቱን ሲያቆም ፊሽካ ያዘ። በ2015ም ለዓለም ዋንጫ ከተመረጡት ዳኞች አንዱ ሆነ። በዚህ ጨዋታ ተጫዋች የነበረ ሰው የሚጠቅመው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ሰው በኳሱ ላይ ተደራርቦ ሲወድቅ፥ ከሥር ኳሱን የያዘው ማን እንደ ሆነ፥ ማን ሆን ብሎ እንደ ወደቀ፥ ማንስ ተገፍቶ እንደ ወደቀ ለመለየት፥ ከዚያ ክምር ሥር ወድቆ የሚያውቅ ዓይን ይሻላል። እንደዚሁም ጥፋት በተሠራ ቁጥር ማፏጨት አይገባም፤ የተበደለው ወገን በጨዋታው መቀጠል የሚጠቀም እንደ ሆነ ዳኛው ይታገሣል፤ ጥቅሙ ካልተገኘ ወደ ጥፋቱ ቦታ ይመልሰዋል። መቼ መታገሥ እንደሚገባ መጽሐፉ ብቻውን አያስተምርም።

ነገር ግን ተጫዋችነት ወገንተኝነትንም ያለማምዳል። አላን ሮላንድ ለአየርላንድ ብሔራዊ ቡድን 3 ጊዜ የተሰለፈ ሰው ነበር፤ በኋላም ዳኛ ሆኖ የ2007ን የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ መራ። በ2011 በኦክላንድ ዌልስና ፈረንሳይ ለግማሽ ፍጻሜ ሲገናኙ፥ ጨዋታው ገና 20 ደቂቃ ሳይሞላው፥ የዌልሱን አለቃ ሳም ዋርበርተንን ተጋጣሚውን አንሥቶ ስለ ጣለ በቀይ ካርድ አስወጣው። ዌልስ 9 ለ 8 ተሸነፈች። የሮላንድ አባት ፈረንሳዊ ነበሩና ሐሜቱ በረታ። ሆኖም ሕጉ ከእርሱ ጋር ነበር፤ ዋርበርተን ራሱም ከጊዜ በኋላ ውሳኔው ትክክል እንደ ነበረ ተናግሯል። በግማሽ ፍጻሜ፥ የአባቱ አገር በሚጠቀምበት ሰዓት፥ እንዲህ ያለውን ፍርድ ለመስጠት ምን ያህል ልብ እንደሚጠይቅ መገመት አያዳግትም።

የጎረቤት ግጥሚያ ምን ያህል ስሜት እንደሚያነሣሣ ጅቡቲም ታውቃለች፤ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1947 በመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ግጥሚያው 5 ለ 0 ያሸነፈው የዚህችኑ አገር፥ ያኔ የፈረንሳይ ሶማሌላንድ ትባል የነበረችውን፥ ቡድን ነው።

ከኛም ወገን የጅማዋ ተወላጅ ዳኛ ሊዲያ ታፈሰ አሉ። በሙያቸው የመድኃኒት ባለሙያ ሲሆኑ፥ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበሩ። ከዚያ ወደ እግር ኳስ ዳኝነት ተሻግረው በ2015 በካናዳ፥ በ2019ም በፈረንሳይ በሴቶች የዓለም ዋንጫ ዳኝተዋል። የተጫወቱት ሌላ ኳስ መሆኑ አላገዳቸውም።

እንግዲህ በየትምህርት ቤቱ ጉልበቱን ተጎድቶ ወይም ዕድሜው አልፎ ከቡድኑ የወጣ ተማሪ አለ። ያ ልጅ አጥር ላይ ተቀምጦ ጓደኞቹን ሲመለከት ይውላል፤ ብዙ ጊዜም ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤቱን እንደ ራሱ ቤት አያየውም። ፊሽካው ለእርሱ ይሰጠው። አስቀድሞ ሕጉን ይማር፤ ከታናናሾች ጨዋታ ይጀምር፤ የራሱ ክፍል የሚገጥምበትን ግን አይዳኝ። ከጨዋታው በኋላ ስለ ምን እንዳፏጨ በደብተር ይጻፍ፤ አስተማሪውም ያን ደብተር እንደ ማናቸውም የቤት ሥራ ይመርምርለት።