ስለ ተሰነጠቀ ምድጃ አጠጋገን



ምድጃ የቤት አገልጋይ ነው፤ ግድግዳው በተሰነጠቀ ጊዜ ግን እሳቱ ወደ ሣር ክዳንና ወደ ሕፃን ልብስ መውጫ ያገኛል። ስለዚህ ስንጥቁ ጠባብ ነው ብሎ መናቅ አይገባም።

አስቀድሞ እሳቱን አጥፍቶ አመዱን መጥረግ፥ ምድጃውም ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ድረስ መቆየት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ የላላውን ጭቃ ፍቆ ስንጥቁን በውሃ ማርጠብ ነው፤ ደረቅ ግድግዳ የአዲሱን ጭቃ እርጥበት ቶሎ ይመጥጥበታልና አይያያዝም። ቀጥሎም ከጭድ ጋራ በሚገባ የተቦካ ጭቃ ወደ ውስጥ ጠቅጥቆ መምረግ ይገባል።

ጥገናው ቀስ ብሎ ይድረቅ። እርጥብ ሳለ ብርቱ እሳት ቢነድበት በውስጡ ያለው ውሃ እንፋሎት ሆኖ መልሶ ይሰነጥቀዋል። ከደረቀም በኋላ መጀመሪያ በጥቂት ጭራሮ ብቻ ይሞቅ።

እንግዲህ መምህራን ይህን በቃል ብቻ ሳይሆን፥ ተማሪዎችን ጭቃውን በእጃቸው እያስቦኩ ያስተምሩ።