የአስታማሚውም ችግር ይጠና
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ አባሎች እንዲደርስ በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



ሽማግሌ ሲመርቅ «ጧሪ ቀባሪ አይንሳህ» ይላል። ምርቃቱ መልካም ነው። ዳሩ ግን ጧሪው ራሱ ሲደክም ማን ያግዘዋል ብለን ተነጋግረን አናውቅም። ዛሬ የተነሣንበት ጉዳይ ይኸው ነው።

በመጀመሪያ የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ባለፈው ዓመት ኮሚቴያችን የሕመምተኞችንና የአረጋውያንን ችግር ለማጥናት ቤት ለቤት ዞሮ ነበር። ከገባንባቸው ቤቶች ባንዱ አንዲት እናት ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሎ ከተኙ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። ልጃቸው ከአሥረኛ ክፍል ትምህርቷን አቋርጣ ታጥባቸዋለች፤ ታጎርሳቸዋለች፤ ሌሊትም እየተነሣች ታገላብጣቸዋለች። የእናትየዋን ስም፣ ዕድሜና ሕመም በመዝገብ አሰፈርን። ሳሙናና አንድ ብርድ ልብስ እንዲሰጣቸው ወሰንን። ልጅቱን «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ብንላት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» አለች። እኛም ደኅና ናት ብለን ወጣን።

ሁለት ወር ሳይሞላ ልጅቱ ወገቧ ተይዞ ከመደብ መነሣት አቃታት። ከቤቱ ጭስ አለመውጣቱን ያየ ጎረቤት በሩን ባያንኳኳ ኖሮ ሁለቱንም ባጣናቸው ነበር። ለካ ከመዝገባችን አንድ ስም ጎድሎ ኖሯል፤ የአስታማሚዋ ስም። የሰላምታን መልስ እንደ ጥናት ቆጥረነው ነበር።

ጉዳዩ የእኛ ሰፈር ብቻ አይደለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያንና ወላጅ ወይም አሳዳጊ ለሌላቸው ልጆች ድጋፍ እንደሚያደርግ ይናገራል። አስታማሚው ግን በስሙ አልተጠራም። ሆኖም መንገዱ ጨርሶ ዝግ ነው ማለት አይደለም። በ1997 ዓ.ም. በገጠር የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ኋላ ላይ በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን የምትንከባከብ እናት ከአፈርና ከድንጋይ ሥራ ነፃ ሆና ድጋፏን እንድታገኝ አድርጓል። ይህም ማስታመም ራሱ ሥራ መሆኑን ማወቅ ነው።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1995 የወጣ ሕግ ለአስታማሚዎች ዕውቅና ሰጠ። በ2014 የወጣው ሕግ ይህንኑ አስፍቶ አስታማሚው የሚያስፈልገው ድጋፍ በአካባቢው አስተዳደር እንዲጠናለት አደረገ። አጥኚው ከሚመረምራቸው ነገሮች አንዱ «ማስታመሙን ለመቀጠል ይችላል ወይ? ፈቃደኛስ ነው ወይ?» የሚል ነው። የእነሱ ሀብት የለንም። መጠየቅ ግን ገንዘብ አያስወጣም።

ስለዚህ ከእንግዲህ ኮሚቴያችን ሕመምተኛ ካለበት ቤት ሲገባ ለአስታማሚው የሚያቀርባቸው ጥያቄዎች የሚከተሉት ናቸው፦

1ኛ/ ማንን ያስታምማሉ? ከመቼ ጀምሮ?
2ኛ/ ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሣሉ? ሕመምተኛውን ብቻዎን ያነሣሉ ወይስ የሚያግዝ አለ?
3ኛ/ የራስዎ ጤና እንዴት ነው? ወገብዎ፣ እንቅልፍዎ፣ ሐሳብዎ? ሐኪም ያየዎት መቼ ነው?
4ኛ/ በዚህ ምክንያት የቀረብዎት ሥራ፣ ገበያ ወይም ትምህርት አለ?
5ኛ/ እርስዎ ቢታመሙ የሚተካዎት ማን ነው?
6ኛ/ በዚሁ ሁኔታ መቀጠል ይችላሉ? ይፈልጋሉስ?

ጥያቄዎቹ ሕመምተኛው እየሰማ አይቀርቡም። እናቱ ፊት «ደከመኝ» የሚል ልጅ የለምና። ውጭ ወይም ጎረቤት ቤት ቡና ላይ ይሁን። የተነገረንንም ከኮሚቴው ውጭ አናወጣም።

ለአስታማሚዎችም የምንለው አለን። ጥናት በመጣ ጊዜ ገመናዬ ይሸፈን ብላችሁ «ተመስገን» ብቻ አትበሉ። አምላክን አመስግኑ፤ ለጠያቂው ግን ያለውን ንገሩ። የሐኪም ወረቀትና የነዋሪነት መታወቂያ አዘጋጁ። አንድ ሳምንት ሙሉ ሌሊት ስንቴ እንደተነሣችሁ፣ ከየትኛው ሥራ እንደቀራችሁ በደብተር ያዙ፤ መጻፍ የማይችል በልጅ ያስጽፍ። «ከብዶኛል» ያለ ሰው እናቱን አልጣለም። እንዲያውም እናቱን የሚጥላት ዝም ብሎ የወደቀው ነው።

የጤና መድኑንም አትርሱ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከምዕራብ ጎጃም ደቡብ አቸፈር አንዱ ነበር። ምዝገባው በቤተሰብ ስለሆነ አስታማሚው ለራሱም መታከም ይችላል። መክፈል የማይችለው ድኻ በነዋሪው ተመርጦ መዋጮው በመንግሥት ይሸፈንለታል። በምርጫው ቀን አስታማሚው ቤት ተቀምጦ ሊሆን ይችላልና ስሙን የምናነሣው እኛ መሆን ይገባናል። በግል ድርጅት ተቀጥሮ የሚሠራም በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከባድ ሁኔታ ሲያጋጥመው ያለ ደመወዝ እስከ አምስት ተከታታይ ቀን፣ በበጀት ዓመቱ ሁለት ጊዜ ፈቃድ መጠየቅ እንደሚችል ይወቅ።

ገንዘብ እንሰጣለን ብለን አንዋሽም። ማድረግ የምንችለው ግን ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በመዝገባችን ከሕመምተኛው ስም ጎን የአስታማሚው ስም ይጻፍ፤ የጥናቱም ግልባጭ በባለቤቱ ፈቃድ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና ለማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያው ይድረስ። ሁለተኛ፣ ለአረምና ለአጨዳ ወንፈል የሚገባ የጎጃም ሰው ለማስታመም ወንፈል ቢገባ ምን ነውር አለው? በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን ተራ ገብተን አስታማሚው ወጥቶ ገበያ ይድረስ፣ ይተኛ፣ ይታከም።

ያቺ ልጅ ዛሬ ድናለች። ሁለት ጎረቤቶቿ በየተራ ስለሚተኳት ባለፈው መስከረም የማታ ትምህርት ተመዝግባለች። እናቷም ከእኛ ጋር አሉ። ይህ የሆነው በገንዘብ ብዛት ሳይሆን ዘግይተንም ቢሆን ስለ ጠየቅናት ነው።

ለሞተው ድንኳን ለመትከል አንድ ሰዓት አንዘገይም። ቆሞ ለሚያስታምመውም እንዲሁ እንፍጠን። ጧሪ ቀባሪ አይንሳን፤ ለጧሪውም አጋዥ አይንሳው።