ማሽን ከመላካችን በፊት መለኪያ እንላክ
በሲልቨር ስፕሪንግ በተካሄደው የማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር

 

ዛሬ የምናገረው በእጅ ስለሚያዝ አንድ ትንሽ መሣሪያ ነው። መልቲሜትር ይባላል፤ ብዙ ባለሙያዎች ቴስተር ይሉታል። ቮልት፣ አምፔርና ኦም ይለካል። «ነርስ ስለ ኤሌክትሪክ ምን አገባት?» የሚል ይኖራል። አምቡላንሱ አልነሳ ሲል የምትጠብቀው ምጥ የያዛት እናት ናት። የኦክስጅን ማሽኑ ሲቆም የሚጎዳው ትንፋሽ ያጠረው ሕፃን ነው። ስለዚህ ያገባኛል።

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት በ16 ድሃ አገሮች ከ112 ሺህ በላይ የሕክምና መሣሪያዎችን ተመልክቶ 40 በመቶ ገደማ የሚሆኑት እንደማይሠሩ አሳይቷል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከተበላሹት መሣሪያዎች ሁለት ሦስተኛው ያህል ከውጭ መለዋወጫ ሳይመጣ፣ በመሠረታዊ ዕውቀት ብቻ ወደ ሥራ ሊመለሱ እንደሚችሉ ጽፏል። «ሞቷል» ተብሎ መጋዘን የገባው ማሽን ብዙ ጊዜ አልሞተም፤ የመረመረው የለም እንጂ።

እኛ ነርሶች ሙቀት፣ የልብ ምትና የደም ግፊት ሳንለካ ስለ በሽተኛ አንናገርም። ማሽንም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ የሚለካው ሶኬቱ ነው። እዚህ አሜሪካ ግድግዳው 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ይሰጣል፤ አገር ቤት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል፤ ኸርዙን ግን አይለውጥም። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ የኦክስጅን ማሽን 50 ኸርዝ ላይ ሲሰካ ሞተሩ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ሊግልና ሊቃጠልም ይችላል። ስለዚህ ኮንቴይነር ከመጫናችን በፊት የማሽኑን ጀርባ እናንብብ፤ የጤና ጣቢያው ሠራተኛም ሶኬቱን ጠዋትና ማታ ለአንድ ሳምንት ለክቶ ቁጥሩን ይላክልን።

ወደ አምቡላንሱ ልሂድ። መኪና አልነሳ ሲል የተለመደው መልስ «ባትሪ ግዙ» ነው። ባትሪ ደግሞ ውድ ነው። ከመግዛት በፊት አራት ልኬቶች ይበቃሉ። አንደኛ፣ መኪናው ካደረ በኋላ የ12 ቮልት ባትሪ ሙሉ ከሆነ 12.6 ገደማ ያሳያል፤ ወደ 12 ከወረደ ባዶ ለመሆን ተቃርቧል። ሁለተኛ፣ ቁልፍ ሲዞር ሙሉ የነበረው ባትሪ ከ9.6 በታች ከወረደ ደክሟል። ሦስተኛ፣ ሞተሩ ተነሥቶ ከ13.8 እስከ 14.5 አካባቢ ካላሳየ ዲናሞው፣ ቺንጋው ወይም ሽቦው ይታይ። አራተኛ፣ አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አድርጋችሁ ቁልፍ ይዙር። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ካቮው ላልቷል ወይም ዝጓል። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው አዲስ ባትሪ ሳይሆን ብሩሽና መፍቻ ነው።

ስንገዛ ምን እንይ? ርካሹ ሁሉ አይጠቅምም፤ ውዱም ሁሉ አያስፈልግም። በላዩ «ካት 3፣ 600 ቮልት» የሚል ጽሑፍና እንደ ዩኤል፣ ሲኤስኤ ወይም ቲዩቪ ያለ የገለልተኛ መርማሪ ምልክት ይኑረው። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ አብዛኞቹ መለኪያዎች ደኅንነታቸው የተረጋገጠው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ነው፤ ከፍ ሲል አየሩ ስለሚሳሳ ኤሌክትሪክ ዘሎ የማለፍ ዕድሉ ይጨምራል። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ለደጋ አገር የምንገዛው መለኪያ ከፍ ያለ ደረጃ ቢኖረው ይመረጣል፤ መመሪያው ላይ የተጻፈውን ከፍታም እናንብብ። ኸርዝ የሚለካ፣ የጄነሬተርንና የኢንቨርተርን ኃይል በትክክል የሚያነብ «ትሩ አርኤምኤስ» የሚል ይሁን። መለዋወጫ ፊውዝና ባትሪም አብሮ ይሂድ።

ይህ መሣሪያ በአግባቡ ካልተያዘ ሰው ይጎዳል። ቀዩ ሽቦ በአምፔር ቀዳዳ ላይ እንዳለ ሶኬት ውስጥ ከገባ ሾርት ይፈጥራል። ኦም የሚለካው ኤሌክትሪኩ ከተቋረጠ በኋላ ብቻ ነው። የሞተሪኖን አምፔር በሽቦዎቹ ለመለካት አይሞከር፤ የመለኪያው አቅም አብዛኛውን ጊዜ 10 አምፔር ሲሆን ሞተሪኖ ከ100 በላይ ይስባል። «ኤሌክትሪክ የለም» ከማለታችን በፊት መለኪያውን ኤሌክትሪክ እንዳለው በምናውቀው ቦታ እንሞክረው፣ ከዚያ የተጠረጠረውን እንለካ፣ ተመልሰንም የመጀመሪያውን እንለካ። በሽተኛ ላይ የተገጠመ ማሽን አይነካም። የልብ ማስነሻ ማሽንን የመሰለ ኃይል የሚያከማች መሣሪያ ደግሞ ቢነቀልም ክዳኑን ከባለሙያ በቀር ማንም አይክፈተው።

እንግዲህ ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በዚህ ዓመት ሌላ ማሽን ከመላካችን በፊት ሁለት መልቲሜትር እንላክ፤ አንዱ ለጤና ጣቢያው፣ አንዱ ለአምቡላንሱ ሹፌር። ከእያንዳንዱ ጋር በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ መመሪያና የልኬት መዝገብ ይሂድ። በሽተኛ ካርድ እንዳለው ማሽንም ካርድ ይኑረው፤ ቀኑ፣ ቁጥሩና የለካው ሰው ስም ይጻፍበት። እዚህ መካከላችን ታክሲ የምትነዱ፣ ጋራዥ የምትሠሩ፣ የሕንፃ ኤሌክትሪክ የምትጠግኑ አላችሁ። ከእናንተ በወር አንድ ሰዓት በቪዲዮ የሚያስተምር ሁለት ሰው ከተገኘ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። የሰዓት ልዩነቱ ሰባት ወይም ስምንት ነው፤ የእኛ ቅዳሜ ጠዋት የእነርሱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነውና ይመቻል።

ገንዘባችን በላብ የመጣ ነው፤ መጋዘን ውስጥ አቧራ እንዲለብስ አንላከው። ስም መዝጋቢው ወረቀት በሩ አጠገብ አለ፤ ስትወጡ ጻፉበት።