የሜሞሪን ተቆጣጣሪ ከልኩ በላይ ማፍጠን፤ ትርፉና ዕዳው



ኮምፒዩተርን አምራቹ ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማሠራት፣ በተለምዶ ኦቨርክሎክ ማድረግ የምንለው፣ በብዙ ባለሙያዎች ዘንድ እንደ ብልኀት የሚቆጠር ነው። እኔም በአንድ ወቅት ከእነዚሁ አንዱ ነበርሁ። ስለዚህ ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ ከንባብ ብቻ የተገኘ ሳይሆን በራሴ ጥፋት የተገዛ ጭምር መሆኑን አስቀድሜ ለመግለጽ እወዳለሁ።

እንደሚታወቀው ፕሮሰሰር የሚሠራበትን መረጃ የሚያገኘው ከሜሞሪ ነው። በሁለቱ መካከል ሆኖ ንባቡንና ጽሕፈቱን የሚያስተናብረው ክፍል የሜሞሪ ተቆጣጣሪ ይባላል። ይህ ክፍል ቀድሞ በማዘርቦርዱ ላይ በሌላ ቺፕ ውስጥ ይገኝ ነበር። ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2003፣ ኢንቴልም በ2008 በዋና ዋና ፕሮሰሰሮቻቸው ውስጥ ስላስገቡት መንገዱ አጠረ፤ መልስ የመጠበቂያውም ጊዜ ቀነሰ። ከዚያ ወዲህ ሜሞሪን ከልኩ በላይ የሚያፈጥን ሰው የፕሮሰሰሩን አካል ጭምር የሚያስጨንቅ መሆኑን መዘንጋት የለበትም።

ትርፉን በቁጥር እንመርምር። በ2019 ለወጡት የኤኤምዲ ራይዘን 3000 ፕሮሰሰሮች አምራቹ የፈቀደው ይፋዊ ልክ ዲዲአር4-3200 ነው። ይህም በአንድ መስመር በሰከንድ እስከ 25.6 ጊጋባይት ያስተላልፋል። ወደ 3600 ቢያድግ 28.8 ይሆናል፤ ጭማሪው 12.5 በመቶ ነው። ይሁን እንጂ ኮምፒዩተር ጊዜውን ሁሉ ሜሞሪን በመጠበቅ አያሳልፍም። አንድ የ60 ደቂቃ ሥራ 18 ደቂቃውን በመጠበቅ የሚያሳልፍ ቢሆን፣ ይህ 18 ቢበዛ ወደ 16 ይወርዳል፤ ጠቅላላው ሥራም 58 ደቂቃ ይፈጃል። ያተረፍነው 2 ደቂቃ ነው።

ከዚህም በላይ 3200 በ16 ምት፣ 3600 ደግሞ በ18 ምት መልስ መስጠት የሚጀምሩ ከሆነ፣ ሁለቱም የሚፈጁት እኩል 10 ናኖሰከንድ ነው። ፍጥነቱ ከ3600 ጥቂት አለፍ ሲል ደግሞ ተቆጣጣሪው አብሮ መሮጥ ስለሚያቅተው በተለምዶ በሜሞሪው ምት እኩሌታ እንዲሠራ ይደረጋል። ያን ጊዜ ቁጥሩ ሲያድግ መልሱ ይዘገያል።

ዕዳውስ? በአንድ መሥሪያ ቤት ሳገለግል የዓመቱን ሂሳብ የሚያጠቃልለውን ኮምፒዩተር በዚህ ዓይነት አፈጠንሁት። ኮምፒዩተሩ አልቆመም፤ ስሕተት መኖሩንም የሚገልጽ ምልክት አላሳየም። ነገር ግን በአንድ መረጃ ላይ ሁለት ጊዜ የተሠራው ድምር ሁለት የተለያየ ውጤት ሰጠ። ምክንያቱን ለማግኘት 3 ቀን ፈጀብኝ፤ የተበላሸው መዝገብም ወደ መጠባበቂያው ቅጂ ተላልፎ ነበር። ፍጥነቱን ወደ ልኩ ስመልሰው ስሕተቱ ጠፋ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ደቂቃዎችን ለማትረፍ ቀናት ከፈልሁ። በቶሎ የሚሰናከል ማሽን ባለቤቱን ያስጠነቅቃል፤ ከአንድ ቢት ላይ 0ን ወደ 1 ለውጦ በጸጥታ የሚቀጥል ግን ያታልላል።

ስለሆነም የማቀርበው ምክር አጭር ነው። በቅድሚያ ሥራው የሚጠብቀው ሜሞሪን ይሁን ወይም ዲስክን እንለካ። በኮምፒዩተሩ የተሰካው ሜሞሪ አንድ ብቻ ከሆነ፣ ተመሳሳይ ሁለተኛ በሌላው መስመር ላይ መጨመር የማስተላለፍ አቅሙን በ3200 እንኳ ወደ 51.2 ጊጋባይት ያደርሳል፤ ይህም ከልክ ሳንወጣ የምናገኘው ትርፍ ነው። በግል ማሽኑ መሞከር የሚሻ ሰው ይሞክር፤ ሜምቴስት86ን በመሰለ ፕሮግራም ግን ሌሊቱን ሙሉ ይፈትነው። የሠራተኛ ደመወዝ፣ የሕሙማን መዝገብ ወይም የሕዝብ ሂሳብ የሚያዝበት ማሽን ግን በልኩ ይሥራ፤ ቢቻልም ስሕተት አራሚ ሜሞሪ ይኑረው። በእንዲህ ያለው ማሽን ላይ የሚደፈረው የእኛ ንብረት ሳይሆን የሌላው ሰው አደራ ነውና።