ካርታ ብቻውን ጥም አይቆርጥም
(በተማሪዎች ኅብረት የውይይት ጉባኤ ላይ የተነገረ)



የዛሬው ንግግሬ በዓይን ስለማይታየው የከርሠ ምድር ውሃ ነው። አባቶቻችን ጉድጓድ ሊቆፍሩ ሲያስቡ የዛፉን ልምላሜና የሸለቆውን እርጥበት አይተው ይገምቱ ነበር። የዛሬው ሊቅ የሚያደርገውም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ የሚያይበት ቦታ ወደ ሰማይ ከፍ አለ እንጂ።

የመጀመሪያው የላንድሳት ሳተላይት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሐምሌ 1972 ወደ ሕዋ ተላከ። በየካቲት 2000 ደግሞ ኤንዴቨር የተባለችው መንኰራኵር በ11 ቀን በረራ ከዓለም የብስ 80 በመቶ ያህሉን ከፍታና ዝቅታ በራዳር ለካች። የላንድሳት ሥዕሎች ከ2008 ወዲህ ያለ ዋጋ ስለሚሰጡ፣ የእኛም ተማሪ እንደ ሌላው አገር ተማሪ ሊመረምራቸው ይችላል።

ነገር ግን እነዚህ ሥዕሎች ከመሬት በታች ያለውን ውሃ ራሱን አያሳዩም፤ የሚያሳዩት ምልክቱን ነው። ጂ.አይ.ኤስ. የሚባለው ሥርዓት ምልክቶቹን እንደ ስስ ወረቀት አንዱን በአንዱ ላይ ያነባብራል። መሬቱ ሜዳ ቢሆን ዝናቡ ለመስረግ ጊዜ ያገኛል፤ አለቱ የተሰነጠቀ ቢሆን መግቢያ ያገኛል፤ ጅረቶች የተጨናነቁበት ቦታ ግን ብዙ ጊዜ ውሃው ሳይሰርግ እንደሚሸሽ ያመለክታል። ለያንዳንዱ ምልክት ክብደት ተሰጥቶ ይደመርና፣ ውሃ የሚጠበቅበትንና የማይጠበቅበትን ቦታ የሚለይ ካርታ ይወጣል። ክብደቱን የሚሰጠው ግን ሰው ነውና፣ ሁለት አዋቂዎች ከአንድ ሥዕል ሁለት ዓይነት ካርታ ሊያወጡ ይችላሉ።

በጎረቤታችን በኬንያ የሆነውን እናስታውስ። በ2013 በቱርካና፣ ሎቲኪፒ በተባለው ሜዳ ሥር ታላቅ የውሃ ክምችት በሳተላይትና በራዳር ጥናት መገኘቱ ለዓለም ተነገረ። በኋላ ሲመረመር ግን ውሃው ለመጠጥ የማይሆን፣ ጨው የበዛበት ሆኖ ተገኘ። ውሃ መኖሩ እውነት ነበር፤ ይጠጣል ወይ ለሚለው ጥያቄ ግን ከሰማይ የተነሣ ሥዕል መልስ የለውም።

በእኛም ስምጥ ሸለቆ የብዙ ጉድጓዶች ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ከወሰነው፣ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም ይበልጣል። ይህም የልጆችን ጥርስ ያበላሻል፤ ሲበዛና ሲቆይም አጥንትን ይጐዳል። ይህንንም የሚያሳይ የሳተላይት ሥዕል የለም።

እንግዲህ ካርታው ይቅር ማለቴ አይደለም። ሰፊውን አገር አጥብቦ የት እንደምንሄድ ይነግረናል፤ ይህም ብዙ ድካምና ገንዘብ ያድናል። ከዚያ በኋላ ግን በእግር መሄድ፣ የምድሩን የኤሌክትሪክ መቋቋም መለካት፣ መቆፈር፣ ውሃውንም መመርመር የግድ ነው። ደረቅ ጉድጓድ ሲወጣ እዳው የሚወድቀው በካርታ ሠሪው ላይ አይደለም፤ ጀሪካኗን አዝላ ወደ ሩቁ ወንዝ በምትመለሰው እናት ላይ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ካርታ የምንሠራ ሁሉ በሥፍራው ካሉት ጉድጓዶች ጋር ሳናስተያይ አናቅርብ፤ መምህሮቻችንም «ስንት ጉድጓድ አያችሁ?» ብለው ይጠይቁን። ሁለተኛ፣ የደረቀው ጉድጓድ እንደ ነውር አይደበቅ፤ ጥልቀቱና የአለቱ ዓይነት ተጽፎ ይቀመጥ። ውሃ የወጣበትን ብቻ የሚቈጥር ሰው የካርታውን ስሕተት ሊያውቅ አይችልምና፣ የሚቀጥለውንም ጉድጓድ እዚያው ደረቅ ምድር ላይ ያስቆፍራል።