28 ሰዓት ያለ ዕረፍት

(ድምፅ፦ ረጅም የጊታር ጉምጉምታ፤ ቀስ እያለ ይቀንሳል)

አቅራቢ፦ ሬዲዮናችሁ አልተበላሸም። ድሮን ይሉታል፤ አንድ ድምፅ ሳይቋረጥ እየተጎተተ የሚቆይበት ሙዚቃ ነው። በገና ለለመደ ጆሮ ብዙም እንግዳ አይሆንም፤ በአውታሩና በብርኩማው መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ የምታመጣውን ንዝረት ያስታውሳል።

ሰኔ 2013 እ.ኤ.አ.፣ በባልና ሚስቱ አለን ስፓርሃክና ሚሚ ፓርከር ይመራ የነበረው የአሜሪካዋ ዱሉዝ ከተማ ባንድ ሎው፣ ሚኒያፖሊስ ውስጥ በ«ሮክ ዘ ጋርደን» የሙዚቃ ፌስቲቫል መድረክ ላይ ወጣ። የተጫወተው አንድ ዘፈን ብቻ! በአልበሙ 15 ደቂቃ የማይሞላውን ዘፈን 27 ደቂቃ ያህል ጎተተው። ስፓርሃክ ሲጨርስ «ድሮን እንጂ ድሮኖች አይደለም» አለ፤ ሙዚቃው ይሁን፣ ቦምብ የሚጥለው ሰው አልባ አውሮፕላን ይቅር ማለቱ ነው። ከታዳሚው የተናደደም ነበር። አይፈረድበትም፤ የሚያውቃቸውን ዘፈኖች ሊሰማ ነው ከፍሎ የገባው።

በ2014 እ.ኤ.አ. በዚሁ መፈክር ስም፣ እዚያው ሚኒያፖሊስ ሴዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር ባለው ሴዳር የባህል ማዕከል፣ የ28 ሰዓት ኮንሰርት ተጀመረ። አንዱ ሙዚቀኛ ሳያቆም ተከታዩ ይገባበታል፤ ድምፁ ለአፍታም አይበጠስም። ታዳሚው ትራስና ብርድ ልብሱን ይዞ መጥቶ ወለሉ ላይ ይጋደማል፣ እንቅልፍ ከወሰደውም የሚቀሰቅሰው የለም። ገቢው ለድንበር የለሽ ሐኪሞች ይሄዳል።